ሲጨንቀው ምን ያደርጋል?

የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ቆሞ የማንበብ ልማድ ያለው ወጣት አንዲት ሐረግ ሳያውቃት አይቀርም። የትምህርቱ ደረጃ፣ የሥራው ልምድና የደመወዙ ልክ ከተዘረዘሩ በኋላ ከግርጌው ላይ «የሥራ ጫናን ተቋቁሞና ከለውጥ ጋር ተስማምቶ ለመሥራት የሚችል» ተብላ ትጻፋለች። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ በአሶሳም ሆነ በፓዌ አትጠፋም። ለመጻፍ ቀላል ናት። ችግሩ የሚመጣው በፈተናው ዕለት ነው።

በዚያን ዕለት ሦስት ወይም አራት ፈታኞች ጠረጴዛውን ከበው ይቀመጣሉ። ዕጩው ገብቶ እጅ ይነሣና ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። ስለ ትምህርቱ ሁለት ሦስት ጥያቄ ከቀረበለት በኋላ አንደኛው ፈታኝ ወረቀቱን አየት አድርገው «ሥራ ሲበዛብዎት፣ ነገሩም በድንገት ሲለዋወጥብዎት ተረጋግተው መሥራት ይችላሉን?» ይላሉ። ዕጩውም «አዎን፣ በሚገባ እችላለሁ» ሲል ይመልሳል። «አልችልም» የሚል ሥራ ፈላጊ ገና አልተወለደምና ሌላ መልስ መጠበቁ የዋህነት ነው። ከዚያም በቅጹ ላይ ከ10 ነጥብ 7 ወይም 8 ይሞላል። ያ ስምንት ምን መዝኖ እንደ ተገኘ ፈታኙን ቢጠይቋቸው «አነጋገሩ ደስ አለኝ» ከማለት የበለጠ ማስረጃ ማቅረባቸው ያጠራጥራል።

ሥራው ከዓመት እስከ ዓመት በማይለወጥበት ቦታ ይህ ነገር ጉዳቱ ትንሽ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ግን ሊታለፍ አይገባም።

አሶሳ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ አየሯ የሚስማማ ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ኩርሙክ የሚወርድ፣ ወይም በመተከል በኩል ወደ ጉባ የሚዘልቅ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ሙቀቱ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ አኗኗሩም ሌላ የሆነ ቆላ ያገኛል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በገበያው ደግሞ በተለይ በበርታዎች ዘንድ የሱዳን ዐረብኛ ይነገራል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የሆነውን እንመልከት። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ጥቃት ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ከመኖሪያው ተፈናቀለ። አሶሳን በወለጋ በኩል ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው ጐዳና በነዚያው ዓመታት በጸጥታ ጉድለት ምክንያት እየተዘጋ መድኃኒትም፣ ነዳጅም፣ የመሥሪያ ቤት ዕቃም በጊዜው የማይደርስበት ወቅት ነበረ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ላይ ደግሞ በካርቱም ጦርነት ፈነዳና ብዙም ሳይቆይ ስደተኛው በኩርሙክ በኩል ድንበሩን እየተሻገረ ይገባ ጀመር። ክልሉ ከዚያ በፊትም በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በቶንጎ መጠለያዎች ስደተኞችን ተቀብሎ ሲያስተናግድ የኖረ ነው፤ ይሁን እንጂ ለአንዲት ትንሽ የድንበር ከተማ ተብሎ የተቋቋመ ጤና ጣቢያ፣ የውሃ ቦኖና መዝገብ ቤት እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣበት የሚያድነው የሠራተኛው ጠባይ ነው። ነርሱ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዘው ሰው፣ መዝገብ ጸሐፊዋ ሲቀጠሩ «ጫና መቋቋም የሚችል» ተብሎ የተሞላላቸው ነጥብ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ መሆኑ ለተሰለፈው ሕዝብ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ከደጅ ጥናት እስከ ነጥብ መስጫ ቅጽ

አባቶቻችን ይህን የሰው ጠባይ የሚመዝኑበት መንገድ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። መንገዱ ደጅ ጥናት ነበር። ሹመት ወይም ሥራ የሚፈልግ ሰው በመኳንንቱ ደጅ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት እየተመላለሰ ይቆያል። ዝናቡም ፀሐዩም ሲፈራረቅበት ያልሸሸ፣ ዘበኛው ሲገፋው ያልተቈጣ ሰው አንድ ቀን ይታይለታል። ፈተና መሆኑስ ፈተና ነው፤ ነገር ግን የፈተነው ትዕግሥትን፣ እንደዚሁም ስንቅ የሚልክለት ዘመድ ያለውን ሰው ነበር። ሥራ ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ገና አልታወቀም።

በ1954 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 23 የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም የታሰበው የመንግሥት ሥራ በችሎታ እንጂ በደጅ ጥናት እንዳይገኝ ነው። ማስታወቂያው፣ የጽሑፍ ፈተናው፣ የነጥቡ ቅጽ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተለመዱ ሆኑ። የጽሑፉ ፈተና በእርግጥ ብዙ ነገር አስተካክሏል። የቃሉ ፈተና ግን የድሮውን ጠባይ ሙሉ በሙሉ አልተወም። ዛሬም ቢሆን አንገቱን ደፍቶ በትሕትና የተቀመጠው «ጨዋ ነው» ይባላል፤ ደፈር ብሎ የተናገረው «ንቁ ነው» ይባላል፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው እንደ ፈታኙ ስሜት ነው።

አንዳንድ ፈታኞች ይህ ጉድለት ይታያቸውና ሌላ ዘዴ ይፈጥራሉ። ዕጩውን ያስጨንቁታል። ንግግሩን ያቋርጡታል፤ መልሱን ሰምተው ይሥቃሉ፤ «ይህን ሳታውቅ ነው የመጣኸው?» ብለው ይቈጡታል። ላብ ካላበው ወደቀ፤ ካላላበው አለፈ። ይህ ልማድ የውጭ አገር ዘር አለው፤ ታሪኩም ሊነገር የሚገባው ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም.፣ ኦ.ኤስ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በቨርጂኒያ ግዛት በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሰላዮቹን የሚመርጥበት ጣቢያ ነበረው። ዕጩው ወደ ሜዳው ይወጣና ግዙፍ የእንጨት ምሰሶዎችና ማገጣጠሚያዎች ይሰጡታል። «ይህን የመሰለ መዋቅር በ10 ደቂቃ ውስጥ አቁም፤ ሁለት ረዳቶችም አሉህ» ይባላል። ረዳቶቹ የግቢው ሠራተኞች መስለው የቀረቡ የጣቢያው ሰዎች ናቸው። አንደኛው ካላዘዙት የማይንቀሳቀስ ሰነፍ ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዕጩው ላይ የሚያላግጥ፣ ሥራውን የሚያጣጥል ነገረኛ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ የጨረሰ አንድም ሰው አልተገኘም፤ የተፈለገውም መዋቅሩ ሳይሆን ሰውየው ሲናደድ የሚያደርገውን ማየት ነው። በዚያው ጣቢያ ብርቱ መብራት ፊቱ ላይ እየበራበት በማፋጠጥ የሚጠየቅበት ፈተናም ነበረ።

እንግዲህ ፈታኞቻችን የወረሱት ይህን የመጨረሻውን ነው። ሆኖም አንድ ነገር ተዘንግቷል። እነዚያ ሰዎች የሚመረጡት ከጠላት መስመር በስተኋላ እንዲሠሩ ነበርና ተይዞ በመብራት ፊት መመርመር ከሥራቸው ውስጥ የሚገኝ አደጋ ነው። በባምባሲ ወረዳ መዝገብ ቤት የምትቀጠር ልጅ ግን በማን ትመረመራለች? የእርሷ ጭንቅ ሌላ ነው፤ የጠፋ ፋይል፣ የተሰለፈ ሰው፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የተለወጠ መመሪያ ነው። በሽማግሌ ፊት ስትሰደብ ዝም ማለቷ ስለዚህ ምንም አይነግረንም። የአሜሪካኖቹ መርማሪዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰጡት ግምት ሰዎቹ በኋላ በሥራ ላይ ካሳዩት ውጤት ጋር እንደ ተመኙት እንዳልተገናኘ አልሸሸጉም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሠራተኛ አመራረጥ ብዙ ተጠንቷል። ፖል ሳኬት የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው እንደገና ሲያሰሉ፣ ጥያቄውና የነጥብ አሰጣጡ አስቀድሞ ተወስኖ ለዕጩዎች ሁሉ በእኩል የሚቀርብ የቃል ፈተና ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.42 ሆኖ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ በላይ ተገኘ። እንደ መጣልን እንጠይቅ የሚባለው ዓይነት የቃል ፈተና ግን 0.19 ብቻ ነው። በዚህ አቈጣጠር 1 ፍጹም ግምት፣ 0 ደግሞ ዕጣ ከማውጣት የማይሻል መሆኑ ነው። የሥራ ልምድ ዓመት መቍጠር ከሁለቱም ያነሰ ሆኖ መገኘቱን ደግሞ «ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ» የምትለዋን ሐረግ ለሚፈሩ ተማሪዎች ስንነግራቸው ደስ እያለን ነው።

ከኩርሙክ የተቀዳ ጥያቄ

ታዲያ ጥያቄው ከወዴት ይምጣ? ጆን ፍላናጋን የተባሉ ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረቡት ዘዴ ለእኛ አገር መሥሪያ ቤት ሁሉ ይሠራል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሥራውን የሚያውቁትን ነባር ሠራተኞች ሰብስቦ «ሥራው እጅግ የከበደባችሁን ቀን ንገሩን፤ ያን ቀን ማን ምን አደረገ? ምን ጠቀመ? ምንስ አበላሸ?» ብሎ መጠየቅና መጻፍ ነው። በአሶሳና በአካባቢዋ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ታሪክ አያጣም። ከዚያ ከተሰበሰበው ታሪክ ፈተናው ይቀዳል። ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን እናስብ፤

«የኩርሙክ መዝገብ ጸሐፊ ነዎት እንበል። ለ100 ሰው የሚበቃ ቅጽ ይዘው ጠዋት ቢሮ ሲከፍቱ 300 ሰው ተሰልፎ አገኙ። መብራት ስለሌለ ኮምፒዩተሩ አይሠራም። ከተሰለፉት ብዙዎቹ አማርኛ አያውቁም። አለቃዎ ለስብሰባ አሶሳ ሄደዋል፤ ስልካቸውም አይነሣም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

አንደኛው ዕጩ «አለቃዬ እስኪመለሱ ሕዝቡን በትሕትና አስጠብቃለሁ» ይላል። ይህን መጣል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ «ምሳ ሳልበላ፣ ሌሊቱንም ሳልተኛ እስኪያልቅ እሠራለሁ» ይላል። ፈታኞች ይህን መልስ ይወዱታል፤ እኔ በበኩሌ ከ5 ነጥብ 2 አልሰጠውም። ስለ ብርታቱ ነገረን እንጂ ስለ መጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አንድ ቃል አልተናገረም። ሦስተኛዋ ትንሽ ዝም ትልና «በመጀመሪያ ሰዉን እቈጥራለሁ። ነፍሰ ጡሮችን፣ ሕመምተኞችንና ሕፃን የያዙትን ለይቼ ጥላ ሥር አስቀምጣለሁ። ከሰልፉ ውስጥ ዐረብኛና አማርኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ረዳት አደርገዋለሁ። ቅጹ ሲያልቅ በደብተር ላይ መሥመር አስምሬ ያንኑ ዝርዝር እጽፋለሁ። ዛሬ ለማይደርሳቸው የነገ ተራ ቍጥር እሰጣቸዋለሁ። ወደ አሶሳ የሚሄድ መኪና ሳገኝ ያደረግሁትን ጽፌ ለአለቃዬ እልካለሁ» ትላለች። እነዚህ ነገሮች እያንዳንዳቸው በዓይን የሚታዩ ስለ ሆኑ አራቱ ፈታኞች የሚሰጡት ነጥብ ብዙ አይራራቅም። 5 የሚያሰጠው፣ 3 የሚያሰጠውና 1 የሚያሰጠው መልስ ከፈተናው ቀን በፊት ተጽፎ በየፈታኙ ፊት መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ወደ «አነጋገሩ ደስ አለኝ» መመለሳችን ነው።

ከዚህም የተሻለ አንድ ፈተና አለ፤ እርሱም ሥራውን ራሱን ማሠራት ነው። 12 ደብዳቤዎችን፣ አንዳንዱ አስቸኳይ፣ አንዳንዱ ተራ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ ሲገባው በስሕተት የመጣ አድርጎ ማዘጋጀትና ለዕጩው 40 ደቂቃ ሰጥቶ «በቅደም ተከተል አስይዛቸው፤ ለሦስቱ መልስ ጻፍላቸው» ማለት ነው። በ25ኛው ደቂቃ ላይ በሩ ይንኳኳና 13ኛው ደብዳቤ ይገባል፤ ዓርብ ሊደረግ የነበረው ስብሰባ ነገ ጠዋት ሆኗል። አሁን ዝም ብሎ ማየት ነው። አንዳንዱ አዲሱን ደብዳቤ ከታች አድርጎ የጀመረውን ይቀጥላል። አንዳንዱ ደንግጦ ሁሉንም እንደገና ያምሳል። አንዳንዱ ደግሞ ብዕሩን ያስቀምጥና ለአንድ ደቂቃ አስቦ ሁለት ደብዳቤ ብቻ ከቦታቸው ያዛውራል። ለውጥን መቀበል ማለት ይህ የመጨረሻው ነው። ወጪው የወረቀት ብቻ ስለ ሆነ የትኛውም ወረዳ ሊያደርገው ይችላል። (ለገንዘብ ያዥነት ግን «ለውጥ ወዳድ» ሰው መፈለግ መልካም መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሐረጊቱ በሁሉም ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ አልነበረባትም።)

ልምድ ያለው ዕጩ ሲቀርብ ደግሞ ያለፈውን መጠየቅ ይገባል። በዚሁ ክልል በጉባ የተሠራው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ወደዚያ ከመምጣታቸው በፊት በጊልጌል ግቤ 1ኛና 2ኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ፕሮጀክቶች ላይ ሠርተዋል። ግቤ 2ኛ ጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ያህል እንኳ ሳይቆይ 26 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው ዋሻው አንዱ ክፍል መደርመሱ ይታወሳል። ከእንዲህ ያለ ሥራ ለመጣ መሐንዲስ «ጫና ይችላሉን?» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። «ዋሻው በተደረመሰ ማግስት ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ? በመጀመሪያ ለማን ምን አሉ? ዛሬ ቢሆን የቱን በሌላ መንገድ ያደርጉት ነበር?» ማለት ግን ብዙ ያሳውቃል። ግድቡም ቢሆን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ አንሥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ድረስ ዕቅዱ፣ ተቋራጩና አለቃው ተለዋውጠውበታል። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ኢንጂነሩ ሞቱ፤ በቀጣዩ ወር ሜቴክ የያዘው የብረታ ብረት ሥራ ከእጁ ወጥቶ ለሌሎች ተሰጠ። በዚያ ጊዜ በጉባ ሐሩር ውስጥ ሥራውን ሳይተዉ የቀጠሉት ሠራተኞች ስለ ለውጥ ቢጠየቁ የሚናገሩት ቀንና ሰዓት ያለው ነገር ነው።

ዝምታዋ ስለ ምን ተቀነሰባት?

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በአሶሳ ዙሪያ በበርታ ቤተሰብ ያደገች አንዲት ልጅ እናስብ። በቤቷ በርታኛ ትናገራለች። ገበያ ስትወጣ ከነጋዴው ጋር በዐረብኛ ትከራከራለች። በከፍተኛ ትምህርት ቤት የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው። መሥሪያ ቤት ስትመጣ በአማርኛ ትፈተናለች። ጥያቄውን ሰምታ በልቧ ለማሰናዳት ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፤ በታላላቆች ፊት እንደ ተማረችውም ዓይኗን ወደ መሬት ታደርጋለች። በቅጹ ላይ «ፈጣን አይደለችም፤ ጫና የምትቋቋም አትመስልም» ተብሎ ይጻፋል።

ፈታኞቹ የመዘኑት የአማርኛ ፍጥነትን እንጂ መረጋጋትን አይደለም። ይልቁንም በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፣ ከባህል ወደ ባህል እየተሻገረ የሚኖር ሰው ከለውጥ ጋር መስማማትን ከሕፃንነቱ የተለማመደ ነው፤ በዚያ ኩርሙክ ሰልፍ ፊት ይህች ልጅ የምታወጣውን ዋጋ ከአዲስ አበባ የመጣ አንደበተ ርቱዕ ወጣት አያወጣም። ጉዳዩ በነጥብ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 515 የተወዳዳሪዎች ውጤት እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቍጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ ተቀራራቢ ማለትም ከ3 ነጥብ ያልበለጠ ልዩነት ነው። በአንድ ግምታዊ ሣጥን ውስጥ የተቀነሱ አራት ነጥቦች እንዲህ ያለውን መብት ከንቱ ያደርጉታል፤ ማንም ሕግ አልተላለፈም፤ ልጅቱም ለምን እንደ ቀረች አታውቅም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ጥያቄውን በጽሑፍ ሰጥቶ ሦስት ደቂቃ ማሳሰብ ይበቃል። ደብዳቤ የማስተካከሉ ፈተና አንደበት አይጠይቅም። በነጥቡ ቅጽ ላይም የቋንቋ ችሎታ የራሱ ሣጥን ይኑረው፤ በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ማወቅም በዚያው ሣጥን ውስጥ ይቈጠር።

የሙከራ ጊዜንም እንዲያው እናንሣ። ያው አዋጅ ለአዲስ ተቀጣሪ ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ሲወስን፣ ውጤቱ አጥጋቢ ያልሆነ ሠራተኛ ሦስት ወር እንዲጨመርለት ፈቅዶ ነበር። አዋጁ በኋላ በሌላ ቢተካም ሐሳቡ ቀና ነው፤ ስድስት ወር ከማናቸውም የግማሽ ሰዓት ጥያቄ የበለጠ ፈተና ይሆናል። በተግባር ግን የሙከራው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ወር መጨረሻ ላይ በምትፈረም አንዲት ወረቀት ያልፋል። በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚቈይ ስለ ሆነ በኅዳር የተቀጠረ ሰው የሙከራ ጊዜውን መንገድ የሚያበላሸውን ወራት ሳያይ ይጨርሳል። አለቃው በየወሩ ሁለት መሥመር ቢጽፉ፣ አዲሱንም ሠራተኛ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሩቁ ቀበሌ ቢልኩት ለፊርማው መሠረት ያገኙለታል።

ለተማሪዎች የምንለው አጭር ነው። «አዎን፣ እችላለሁ» አትበሉ፤ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይዛችሁ ግቡ። የመሥሪያ ቤት ታሪክ ባይኖራችሁ የእርሻ፣ የገበያ፣ የትምህርት ቤት ክበብ ታሪክ ይሆናል። ቀኑን፣ የሆነውን፣ መጀመሪያ ያደረጋችሁትን፣ ያልተሳካላችሁንም ጨምራችሁ ተናገሩ። ሳትመልሱ ለማሰብ ጊዜ ከፈለጋችሁ «ጥቂት እንዳስብ ይፈቀድልኝ» ማለት ነውር የለበትም።

ፈታኞቹ በመጨረሻ «ጥያቄ አለዎት?» ሲሉም «የለኝም» ብሎ መውጣት ልማድ ሆኗል። ቦታው ኩርሙክ ወይም ጉባ ከሆነ ግን ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ መንገዱ አስቀድሞ እውነቱ የተነገረው ሠራተኛ ቶሎ ሥራውን የመልቀቁ ነገር በመጠኑም ቢሆን እንደሚቀንስ በሌላ አገር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ኮሚቴው ሳይነግራችሁ ከቀረ እናንተ ጠይቁ፤ «ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የነበሩት ሰው ስንት ጊዜ ሠሩ? የሄዱትስ በምን ምክንያት ነው?»